መብራት እስካለ ድረስ የሚሠራ መጽሐፍ

ጋሬዝ ሃልፋክሪ ለጀማሪዎች የጻፈው የራስበሪ ፓይ ይፋዊ መመሪያ አምስተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ራስበሪ ፓይ 5 የተባለው ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር ገበያ ላይ በዋለበት ሰሞን ነው። ደራሲው ለዚህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ቦርድ በተሸጠበት እ.ኤ.አ. በ2012 ከፈጣሪው ከኢበን አፕተን ጋር ሆኖ የተጠቃሚ መመሪያ ያሳተመ እንግሊዛዊ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ጥሩ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ከዚህ በታች የሚመጣው አብዛኛው ወቀሳ ስለሆነ ነው።

ጥሩነቱ የሚታየው አንባቢውን በሚይዝበት አያያዝ ላይ ነው። ኪቦርድና ማውዝ ለይቶ የማያውቅ ተማሪ ቢሆን እንኳ ከካርቶኑ አንስቶ ቦርዱን፣ ቦርዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቀዳዳ፣ ሚሞሪ ካርዱ የሚገባበትን አቅጣጫ በሥዕል እያሳየ ይወስደዋል። ሁለት የስክሪን ቀዳዳ ባላቸው ቦርዶች ላይ የትኛው መቅደም እንዳለበት ሳይቀር ይነግረዋል፤ ይህችን አንዲት ነገር ባለማወቅ ስንቱ "ቦርዱ ሞቷል" ብሎ መልሶ እንደጠቀለለ የሚያውቅ ያውቃል። ከዚያ በስክራች ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም መሥራት፣ ከዚያ ፓይተን፣ ከዚያ በቦርዱ ፒኖች ላይ አምፖልና ቁልፍ አስሮ ማብራት ይመጣል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ደራሲው አንባቢውን አይንቅም፣ አያባብለውምም። በእኛ አገር ለኮምፒውተር ትምህርት ከተዘጋጁት መጻሕፍት ይህን ሚዛን የጠበቁት ጥቂት ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው አጠቃቀሙን በሚያስተምረው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ፣ ማጥፋት የሚለው ርዕስ ሲመጣ ነው። ደራሲው ማጥፊያውን ከሜኑ መርጣችሁ፣ የቦርዱ መብራት እስኪረጋጋ ጠብቃችሁ፣ ከዚያ ብቻ ገመዱን ንቀሉ ይላል። ሳያጠፉ መንቀል ካርዱ ላይ ያለውን ሲስተም ሊያበላሽ እንደሚችልም በጉልህ ያስጠነቅቃል። ምክሩ ትክክል ነው። ግን አንድ ያልተነገረ ነገር ታሳቢ አድርጓል፤ ገመዱን የሚነቅለው፣ ወይም የማይነቅለው፣ አንባቢው ነው። እንግሊዝ ላይ ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው ይህ ታሳቢ ስለመሆኑም ልብ አይባልም። ወላይታ ሶዶ ላይ ለሚያነበው ግን ገመዱ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ፣ እጁም ኪቦርዱ ላይ እንዳለ፣ ክፍሉ ድርግም ይላል። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለእሱ ነው ወይስ ለመስመሩ?

ሶዶን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም። ወላይታ ከዳውሮ ጋር በሚዋሰንበት በኦሞ ወንዝ ላይ የቆመው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም የመረቁት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ራሳቸው የወላይታ ልጅ፣ የውኃ መሐንዲስም ነበሩ። ወደ ኬንያ የተዘረጋው የ500 ኪሎቮልት መስመርም የሚነሣው ከዚሁ ከወላይታ ሶዶ የመቀየሪያ ጣቢያ ነው። 2,000 ሜጋዋት እንዲሸከም ተሠርቶ፣ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይደርሳል፤ ኃይል መሸጥ የጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም ነው። ያ መስመር የሚያጓጉዘው ዲሲ ነው። የእኛ ትንሽ ቦርድም የሚኖረው በዲሲ ነው፣ በ5 ቮልት። መቶ ሺህ እጥፍ ልዩነት መሆኑ ነው። ትልቁ መስመር ኤሌክትሪኩን ድንበር ሲያሻግር፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ያለው ትንሹ ቦርድ የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁለቴ ይጠፋል። በዚህ ላይ ሐተታ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ወደ መጽሐፉ ልመለስ፣ ምክንያቱም የማስተላለፊያ መስመሩና የሰፈሩ ትራንስፎርመር ለየቅል መሆናቸውን ማንም መሐንዲስ ይነግራችኋል።

በሶዶም ሆነ በቦዲቲ፣ በአረካም ሆነ በሁምቦ፣ ቦርዱ ሲያስቸግር የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ "መብራቱ ነው።" እዚህ ላይ መጽሐፉ ቢያግዘን ደስ ባለኝ፤ አላገዘንም። አልነሣ የሚለው ቦርድና በጤና የማይጠፋው ቦርድ ሁለት የተለያዩ ሕመምተኞች ናቸው። የመጀመሪያው ሕመም መነሻ በአብዛኛው ከግድግዳው ወዲህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአብዛኛው ከግድግዳው ወዲያ ነው።

አልነሣ የሚለውን እንይ። መናኸሪያ አካባቢ ካሉት የሞባይል ጥገና ቤቶች በአንዱ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ቦርድ፣ ፓይ 4 ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ቦርዱ ይነሣል፤ ካሜራው ሥራ ሲጀምር መልሶ ከዜሮ ይነሣል።

"ጋሼ፣ ተቃጥሎ ይሆን?"

"አልተቃጠለም። ገመድህን አምጣ።"

"ቻርጀሩ 3 አምፔር ይላል እኮ።"

"ይበላ።"

ጠጋኙ የዩኤስቢ መለኪያ መሀል አስገባ። ቦርዱ ሳይሰካ 5.08 ያሳያል። ቦርዱ ተሰክቶ ካሜራው ሲበራ ቁጥሩ 4.9፣ 4.7፣ ከዚያ 4.5 ደርሶ ስክሪኑ ጠቆረ። ገመዱን ብቻ ለወጠ፤ አጭርና ወፈር ያለ ነው፤ ቻርጀሩ ያው ነው። ቦርዱ ዝም ብሎ ሠራ።

ምክንያቱ የሦስተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ተማሪ በእንቅልፍ ልቡ የሚሠራው ሒሳብ ነው። የገመዱ የሄደውና የመጣው ሽቦ ተደምሮ 0.2 ኦም ቢሆን፣ ቦርዱ ደግሞ 2.5 አምፔር ቢስብ፣ ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ5.1 ቮልት ላይ ግማሽ ሲቀነስ 4.6 ነው። ራስበሪ ፓይ ደግሞ ከ4.63 በታች ሲወርድ "ቮልቴጅ አነሰ" ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ስክሪኑ ላይ ቢጫ መብረቅ ያወጣ የነበረውም ለዚሁ ነው። ስልክ በዚያው ገመድ በደህና ቻርጅ ያደርጋል፤ ባትሪ ስላለው ቀስ ብሎ ቢመጣለትም ግድ የለውም። ቦርዱ መጠበቂያ የለውም፤ በቅጽበቱ የጠየቀውን በቅጽበቱ ካላገኘ ይወድቃል። ሶዶ ገበያ ላይ ከሚሸጡት ገመዶች ብዙዎቹ ለስልክ የታሰቡ ናቸው፤ ያውም ረጃጅሞቹ በተለይ ተወዳጅ ናቸው፤ ሶኬት ከአልጋ ይርቃልና።

ስለዚህ "መብራቱ ነው" የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ አይጸናም። ዘመናዊ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። የሰፈሩ መብራት አምፖሉ እስኪደበዝዝ፣ 180 ቮልት ድረስ ቢወርድ ደህና ቻርጀር 5 ቮልቱን ይሰጣል። ፎርጅዱ ነው የማይሰጠው። ለዚህ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ቦርዱን ራሱን መጠየቅ ይቻላል፤ የኃይሉን ታሪክ የምታወጣ አንዲት ትእዛዝ ሲስተሙ ውስጥ አለች። ዜሮ ከመለሰች ደህና ነው። 50000 ከመለሰች ከተነሣ ወዲህ ቮልቴጅ አንሶበት ያውቃል ማለት ነው፤ በዚያም ምክንያት ፍጥነቱን ቀንሷል። 50005 ከሆነ ግን አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እየተራበ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ትእዛዝ አላውቅም። ስለ ትእዛዝ መስመር በሚያወራው አባሪ ውስጥ ብፈልጋት አጣኋት፤ ፋይል መዘርዘርና ፎልደር መቀየር ግን በሰፊው አለ።

ደራሲው ስለ ቻርጀር ምንም አላለም ማለቴ አይደለም። የራስበሪ ፓይ ድርጅት ራሱ የሚሸጠውን ቻርጀር ግዙ ይላል፤ ለፓይ 5 የ27 ዋቱን፣ 5 ቮልት በ5 አምፔር የሚሰጠውን። ምክሩ ቀና ነው። ነገር ግን 5 አምፔር በ5 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር በዓለም ገበያም ብርቅ መሆኑን አንባቢው ሊያውቅ ይገባዋል። 65 ዋት የሚል የላፕቶፕ ቻርጀር ያለው ሰው "እጥፍ ነው፣ ይበቃዋል" ብሎ ይሰካል። ያ ቻርጀር 65 ዋቱን የሚሰጠው በ20 ቮልት ነው፤ በ5 ቮልት ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 አምፔር አያልፍም። ቦርዱ ይነሣል፣ ግን ለዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ በሙሉ የሚሰጠውን ኃይል 600 ሚሊአምፔር ላይ ይገድበዋል። ፍላሹ ይሠራል፤ ውጫዊው ሃርድ ዲስክ ይንጫጫል እንጂ አይነሣም። የተገዛው ዲስክ "አይሠራም" ተብሎ ይመለሳል።

የፓይ 4ም የራሱ ጉድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቦርዶች የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳቸው በንድፍ ስሕተት የተሠራ ነበር፤ ጥራት ያላቸውን፣ ውስጣቸው ቺፕ ያለባቸውን ገመዶች አይቀበሉም። ርካሹን ሲቀበሉ ውዱን ይመልሳሉ። ድርጅቱ ስሕተቱን አምኖ በቀጣዩ የቦርዱ ስሪት አስተካክሎታል። አሮጌ ቦርድ ከእጅ ወደ እጅ በሚሻገርበት አገር ይህን ማወቅ ቦርድ ከመጣል ያድናል።

ካርዱም አለ። የቦርዱ ቀይ መብራት በርቶ አረንጓዴው ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ቦርዱ ከካርዱ ምንም አላገኘም። በፓይ 4 ላይ አረንጓዴው እየደጋገመ አራት አራት ጊዜ ብልጭ ካለ የመነሻው ፋይል ጠፍቷል፤ ሰባት ሰባት ጊዜ ከሆነ ዋናው የሲስተሙ እምብርት አልተገኘም። በሁለቱም ጊዜ ቦርዱ ጤነኛ ነው፣ ካርዱን እንደገና መጻፍ ነው። መጽሐፉ ካርድ አጻጻፉን በመጀመሪያው አባሪ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ብልጭታውን ማንበብ ግን አላስተማረም፤ ስክሪን ለሌለው ሰው ቦርዱ ያለችው ቋንቋ እሷ ብቻ ሆና ሳለ።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። ካርድ ለምን ይበላሻል የሚለውን ደራሲው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። እኔ ብሆን ሁለት ገጽ እሰጠው ነበር፤ ምክንያቱም "ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል" የሚለውን ያነበበ ተማሪ አሥር ጊዜ መብራት ሄዶበት አሥሩንም ጊዜ ቦርዱ በሰላም ሲነሣለት ማስጠንቀቂያውን ተረት አድርጎ ይተወዋል። አሥራ አንደኛው ላይ ሴሚስተሩን ያጣል።

ሚሞሪ ካርድ አንድን ፊደል ብቻ አጥፍቶ ሌላ መጻፍ አይችልም። በትልልቅ ብሎክ ያጠፋል፣ ከዚያ ባነሱ ገጾች ይጽፋል፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ የትኛው መረጃ የት እንደሄደ የሚመዘግብ ሰንጠረዥ ትይዛለች። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ እንኳ ሲስተሙ መዝገብ ይጽፋል፣ ቺፗም በራሷ ጊዜ መረጃ ታዘዋውራለች። መብራት የሄደው በዚያች ቅጽበት ከሆነ የሚጎዳው እየተጻፈ የነበረው ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሰንጠረዡ ራሱ ከተናጋ ከሳምንት በፊት የተጻፈ፣ ማንም ያልነካው ፋይል አብሮ ይሄዳል። የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ መቋረጥ ማስታወሻ ይዞ ይጠብቃል፣ ያ ከብዙ ጥፋት ያድናል። ነገር ግን ካርዱ በውስጡ ከዋሸው መከላከያ የለውም። መነሻ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ትንሹ ክፍልፍል ደግሞ ያ ማስታወሻም የለውም። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ፣ ውስጡ 8 የሆነ ፎርጅድ ካርድ ሲጨመርበት መብራቱን መክሰስ ይከብዳል፤ ያ ካርድ መብራት ባይሄድም ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ቦርድ ማብሪያ ማጥፊያም፣ ሰዓትም፣ ባትሪም አልነበረውም። ዋጋውን 35 ዶላር ላይ ለማቆም የተከፈለ ነበር። በንጽጽር፣ ከ2000 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ በሺዎች ተቆጥሮ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ ኮምፒውተር መብራት ለሌለበት ቦታ ታስቦ የተሠራ ስለነበር ባትሪው አብሮት ነው የመጣው። የዚያ ፕሮጀክት ሌላ ሌላው ይወቀስ፤ በዚህ በኩል ግን ከፓይ ይልቅ እኛን ያውቅ ነበር።

ፓይ 5 በዋናው የቦርድ ተራ ውስጥ የመጀመሪያው ባለ ቁልፍ ነው። አምስተኛው እትም ይህን ቁልፍ እንደ ታላቅ ምሥራች ያስተዋውቃል። አንዴ ሲጫኑት ሜኑ ይመጣል፣ ሲደግሙት በሥርዓት ይጠፋል፣ ተጭነው ከያዙት በግድ ይጠፋል፣ ጠፍቶ ሳለ ሲጫኑት ይነሣል። አሪፍ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቦርዶች በሥርዓት የጠፋን ቦርድ ለማንሣት ገመድ ነቅሎ መሰካት የግድ ነበር፤ ካልሆነም አምስተኛውንና ስድስተኛውን ፒን ለአፍታ ማገናኘት፤ ይህም ለሚያውቀው ሰው ነው።

ግን ቁልፍ ጣት ይፈልጋል። ሁምቦ ጠበላ ባለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ውክፔዲያ የሚያሰራጭ አንድ ቦርድ አስቡ፤ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ይህን ማድረግ ቀላል ነው። በሩ ተቆልፏል፣ ቦርዱ መደርደሪያ ላይ ነው። ያለ ባትሪ ከሆነ መብራት ሲሄድ በድንገት ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሣል። ይህ ራሱ መነሣቱ ትልቅ በጎ ነገር ነው፤ ማንም አያመሰግነውም እንጂ። ካርዱ እንዳይበላሽ ተብሎ ዩፒኤስ፣ መጠባበቂያ ባትሪ ማለት ነው፣ ተገዛለት እንበል። መብራት ሄደ፣ ባትሪው ተረከበ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለቦርዱ ምልክት ሰጠ፣ ቦርዱም በሥርዓት ራሱን አጠፋ። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ የሚለው ሁሉ ተፈጽሟል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ ባትሪው ጨርሶ ሳይሞት፣ መብራት መጣ። ቦርዱ ግን አይነሣም። ከእሱ አንጻር ኃይሉ ተቋርጦ አያውቅም፤ አጥፉኝ ተብሎ ጠፍቷል፣ ኃይል አለው፣ ቁልፉን የሚጫን ጣት ይጠብቃል። ከሶዶ አንድ ሰው ተሳፍሮ ሄዶ ቁልፍ ተጭኖ ይመለሳል። ርካሹ መፍትሔ ከውዱ በልጦ የተገኘበት ጊዜ ነው።

ይህ ወጥመድ በቦርድ የሚሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ መውጫውም አለ። አንደኛው ቦርዱ ከጠፋ በኋላ ኃይሉን ራሱ ቆርጦ፣ መብራት ሲመጣ መልሶ የሚለቅ ዩፒኤስ መምረጥ ነው፤ ሲገዙ መጠየቅ ያለበት ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ብቻ ሳይሆን ይሄ ነው። ሁለተኛው እዚያው ፓይ 5 ውስጥ ተቀምጧል። ቦርዱ የራሱ ሰዓት ስላለው ከመጥፋቱ በፊት ማንቂያ መሙላት ይችላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀስቅሰኝ ብሎ ይተኛል፣ ይነሣል፣ መብራት መኖሩን ያያል፣ ከሌለ ተመልሶ ይተኛል። ሲተኛ ግን በነባሪው አቀማመጥ ከአንድ ዋት በላይ እየበላ እንደሚተኛ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያ በተዳከመ ባትሪ ላይ ብዙ ነው። በመነሻ አቀማመጡ ውስጥ አንዲት መስመር ሲቀየር ፍጆታው ወደ ዜሮ ይጠጋል። መጽሐፉ ቁልፉን አሳይቶ እዚያው ይቆማል።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር። ከፓይ 5 በፊት የነበሩት ቦርዶች ሰዓት የላቸውም፤ በመጨረሻ ያስቀመጡትን ሰዓት ሲነሡ ያነቡታል፣ ከዚያ በኢንተርኔት ያስተካክላሉ። ሌሊቱን መብራት ሄዶ ጠዋት የተነሣ ቦርድ፣ ኔትወርክ ከሌለ፣ ትናንት ማታ ላይ ነው ያለው። የአየር ሁኔታ ወይም የአፈር እርጥበት የሚመዘግብ ተማሪ የሁለት ቀን መረጃ እርስ በርሱ ተደራርቦ ያገኛል። ኔትወርክ ቢኖርም ሰዓቱ በጣም ወደኋላ ከቀረ፣ እስኪስተካከል ድረስ ብራውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፍኬት አልቀበልም ብሎ ይዘጋቸዋል፤ ሰውየው ኢትዮ ቴሌኮምን ሲራገም ይውላል። በፓይ 5 ላይ ሰዓቱ አለ፣ መብራት ሲሄድ የሚያስቀጥለው ባትሪ ግን ለብቻው ነው የሚሸጠው።

አሁን ከሁሉ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ለሶዶ ዋነኛው መድኃኒት መጽሐፉ ውስጥ አለ። የኮንፊገሬሽን መሣሪያውን በሚያስረዳው አባሪ ውስጥ፣ ከሌሎች አማራጮች መሀል፣ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም የሚባል ተጠቅሷል። ይህ ሲበራ ካርዱ ይቆለፋል፤ የሚጻፈው ሁሉ ራም ላይ ይጻፋል፤ ቦርዱ ሲጠፋ የተጻፈው ይጠፋል፣ ካርዱ ግን እንደነበረ ነው። መብራት መቶ ጊዜ ቢሄድ በሲስተሙ ላይ የሚደርስበት የለም ማለት ይቻላል፤ የሚጻፍ ነገር ከሌለ መሀል ላይ የሚቋረጥ ነገር የለምና። ለኪዊክስ ቤተ መጻሕፍት፣ ለማስታወቂያ ስክሪን፣ ለክፍል ማሳያ ከዚህ የተሻለ የለም። የሚመዘገብ መረጃ ካለ ለእሱ ብቻ ለብቻው ፍላሽ መመደብ ነው። ደራሲው አማራጩን ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ገልጾ ወደ ቀጣዩ አልፏል። ከማጥፋት ርዕስ ተነሥቶ እዚያ የሚያደርስ መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም። ማስጠንቀቂያው ከፊት፣ መድኃኒቱ ከኋላ፤ መሀላቸው በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ የስክራችና የፓይተን።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ደራሲው የጻፈው ለዓለም ነው፣ ለሶዶ ብቻ ይጻፍ ወይ ሊል ይችላል። መብራት የሚሄደው ግን ሶዶ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ይሄዳል፣ ሌጎስም፣ ካትማንዱም ይሄዳል። ርካሽ ነው ተብሎ የተመሰገነው ቦርድ ርካሽነቱ የሚያስፈልገው በእነዚሁ ከተሞች ነው። የመጽሐፉ ድርጅት ቦርዱን ለዓለም ሁሉ ልጆች ይሸጣል፤ መመሪያው ግን በማይጠፋ መብራት ሥር ተጽፏል።

በቦርድ ምርጫም ላይ ከመጽሐፉ ጋር አልስማማም። እትሙ ፓይ 5ን ከፊት ያስቀድማል፤ ለስክሪንና ለኪቦርድ ልክ ነው። ለሶዶ መደርደሪያ ግን ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊውን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በ15 ዶላር የወጣ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ ሲመነዘር በ15 ዶላርና ፓይ 5 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ መነሻ ዋጋው በነበረው በ60 ዶላር መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ትምህርት ቤት ትንሽ አይደለም። ከሁሉ በላይ ጥቂት ነው የሚበላው። ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጡት ትንንሽ ዩፒኤሶች 5 ቮልት መውጫቸው ለፓይ 5 አይበቃም፣ ለዜሮ 2 ግን ይበቃል። ተራ ፓወር ባንክ ግን ሲገዛ መፈተን አለበት፤ ብዙዎቹ የግድግዳው መብራት ሲመጣ ወይም ሲሄድ ለቅጽበት መውጫቸውን ይቆርጣሉ፤ ያች ቅጽበት ለቦርዱ መብራት እንደ መሄድ ናት፣ ፓወር ባንኩ የሚከላከለውን ራሱ ይፈጽመዋል።

ታዲያ መጽሐፉ ይነበብ ወይስ አይነበብ? ይነበብ። ከስክራች እስከ ፒኖቹ ያሉት ምዕራፎች ለአንድ ዓመት የክበብ ትምህርት የሚበቁ ናቸው፤ አራተኛው እትም ደግሞ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ ማባዛትና ማሻሻል በሚፈቅድ የፈቃድ ዓይነት የወጣ ነው። በ1999 ዓ.ም የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናና የኢንፎርማቲክስ ተማሪዎች አሉት፤ የጎደለውን ምዕራፍ ለመጻፍ ከእንግሊዝ ይልቅ እነሱ ይቀርባሉ። በዚያ ምዕራፍ የመጀመሪያው ልምምድ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ኦቨርሌዩን ማብራት፣ ከዚያ ቦርዱ ሥራ ላይ እያለ ገመዱን ሆን ብሎ መንቀል ቢሆን እወድዳለሁ፤ ደጋግሞ፣ በተለያየ ሰዓት። ከዚያ ኦቨርሌዩን አጥፍቶ ያንኑ በተገለበጠ ካርድ ላይ መድገም፣ ካርዱ ስንተኛው ላይ እንደተረታ መጻፍ። ሁለተኛው ልምምድ ዩፒኤሱን ይዞ፣ ቦርዱ በሥርዓት ከጠፋ በኋላ ባትሪው ሳያልቅ ሶኬቱን መልሶ መሰካትና ቦርዱ ራሱ መነሣት አለመነሣቱን ማየት ነው፤ ካልተነሣ ዩፒኤሱን ወደገዙበት ሱቅ መመለስ፣ ደረሰኙ ሳይጠፋ።